ያልተጣጣመው ማውጫ

መምህሩን ከመሰላሉ ሥር ተንጋሎ፣ ትልልቅ መጻሕፍት ደረቱ ላይ ተዘርግፈውበት ሞቶ ያገኘችው ሚስቱ ናት። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤቱ ሁሉ ጥናት ክፍሉን ሞላው። «ከመሰላል ወድቆ ነው» ተባለ፤ እሷም ያንኑ አምና ደረቷን ስትደቃ አረፈደች። ሐኪሙ መጣና ነገሩን ገለበጠው። የመምህሩ ጭንቅላት የተመታው በጠረጴዛው ጠርዝ ነው፤ ገፍቶ የጣለው፣ ጎትቶም መሰላሉ ሥር ያስተኛው ሰው አለ። ደግሞም ወዲያው አልሞተም።

ይኼኔ ሰው ሁሉ ዞሮ ልጇን አየ። ባለፈው ቀን አባትና ልጅ ለአዲሱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ክፍል በሚገዙት መጻሕፍት ተጣልተዋል። ልጁ «ሁሉም ስልኬ ውስጥ እያለ ይሄን የወረቀት ክምር ምን ያደርጋል?» ሲል፣ አባትየው «ስልክህ መልስ ይሰጥሃል፤ እኔ የማስተምረው መፈለግን ነው» አለው። ልጁም «እንግዲያው መጽሐፍህ ይቅበርህ!» ብሎ በሩን በላዩ ላይ ወርውሮ ወጣ። መንገደኛው ሳይቀር ሰምቶታል። ምን ዓይነት አፍ ነው እሱስ! አሁን ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

እናትየዋ ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ እግር ላይ ተደፋች። «በፈጠረሽ ይዤሻለሁ! ባሌን ሳልቀብር ልጄን አትውሰጂብኝ!»

«ይነሱ እንጂ እናቴ፤ ልጅዎ እግሬ ሥር የለም» አለች መርማሪዋ። ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ ጥያቄዋን ሁሉ በ«እስቲ» ስለምትጀምር ባልደረቦቿ «እስቲ» ይሏታል። ጠረጴዛውን አየችው። የመምህሩ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አዲሱ ትርጉም፣ ተገልጧል። አጠገቡ ያለው ወረቀት ግን ባዶ ነው፤ እስክሪብቶውም ክዳኑ አልተነሳም።

መጀመሪያ ለመምህሩ መጻሕፍት የሚያመጣለትን መጽሐፍ ሻጭ ጠራችው።

«እስቲ ንገረኝ፣ እነዚህ ማብራሪያዎች ለምን ጣሪያ ሥር ተሰቀሉ?»

«ሰነፍ እንዳይደርስባቸው ነዋ! ‹መጀመሪያ ራስህ ደጋግመህ አንብብ፤ ቀጥሎ ቃሉ የት የት እንዳለ በማውጫው ተከታተል፤ ከዚያ በመዝገበ ቃላቱ ፍታው፤ ወረቀትህ ሲሞላ ያኔ ሌላው ሰው ያለውን ለማየት መሰላሉን ውጣ› ይል ነበር። እኔ የማተርፈው ማብራሪያ ስሸጥ ነው፤ ገበያዬን እኮ ነው የዘጋው!» አለና እንባው መጣ።

ልጁ ሲገባ እናቱ ብቻ አብራው ገባች። መርማሪዋ ሬሳው ላይ የተገኘውን በቆዳ የተለበጠ ወፍራም ማውጫ አሳየችው።

«እስቲ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቀድሞው ትርጉም ማውጫ ነው። ከአባቴ መጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይሄድም። ማውጫ የሚዘጋጀው ለአንድ ትርጉም ቃላት ነው። አዲሱ ትርጉም ሌላ ቃል ከተጠቀመ፣ እዚህ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢፈልጉ አያገኙትም።»

እናትየዋ አፉን ብትይዘው በወደደች። ልጁ ባወቀ ቁጥር የገዛ እጁን የሚያስር መሰላት።

ሰባኪው ወንድሟ ከጠዋት ጀምሮ ትከሻዋን ደግፎ ሲያጽናናት ነበር። መድረክ ላይ ወጥቶ «በግሪኩ እንዲህ ይላል» ሳይል አይወርድም፤ እሷም በእሱ ስትኮራ ነው የኖረችው። መርማሪዋ ጠዋት የት እንደነበረ ስትጠይቀው፣ «ሰው ልኬ መርዶውን እስኪሰማ ከቤቱ አልወጣም» ብላ እሷ መለሰችለት፤ እሱም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

መርማሪዋ መጻሕፍቱን በየቦታቸው አስመለሰችና ሁሉንም ሰበሰበች።

«እስቲ፣ መምህሩ በገለጠው ገጽ ላይ አንድ ቃል ላጥና። ሦስታችሁም በየተራ መጻሕፍት ምረጡልኝ።»

ልጁ በወረቀት የተሸፈነውን የአዲሱን ትርጉም ማውጫና መዝገበ ቃላቱን አመጣ። መጽሐፍ ሻጩም እነዚያኑ አነሳ። ሰባኪው ግን ቀጥ ብሎ መሰላሉን ወጣ፤ ግዙፉን ማብራሪያ አወረደ፤ ሲመለስ ያንን በቆዳ የተለበጠ ማውጫ አክሎ ጠረጴዛው ላይ ከመረው።



«ሬሳው ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው» አለች መርማሪዋ። «መምህሩ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ማብራሪያ ሊያወርድ አይወጣም። ለአዲሱ ትርጉምም የቀድሞውን ማውጫ አያነሳም።»

«ሁለቱን ሊያወዳድር ፈልጎ ይሆናላ!» አለ ሰባኪው።

«ቢያወዳድር የቀድሞው መጽሐፍ ቅዱስም ጠረጴዛው ላይ በተገኘ ነበር፤ ከመደርደሪያው አልወረደም። ልጁ ይህን ሥርዓት እየተበሳጨም ቢሆን ከልጅነቱ ተምሮታል፤ ሻጩ ይኖርበታል። እነሱ ቢያስመስሉ አሳምረው ባስመሰሉ ነበር። ይሄን የደረደረው ሰው መጻሕፍቱን በግዝፈታቸው እንጂ በሥራቸው አያውቃቸውም። ለክሱ ገና ብዙ እሰበስባለሁ፤ አሁን ግን ጠዋት የት እንደነበሩ እንደገና ይንገሩኝ።»

ሰባኪው ወደ በሩ ተራመደ። እህቱ ፊት ለፊቱ መጥታ ቆመች።

«ወንድሜ፣ እኔን እየኝ። አንተ ነህ?»

«ተማሪዎቹ ፊት የማውጫ አጠቃቀም እንዳሳይ ጠየቀኝ» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ሰበብ ሳበዛ እንደማላውቅ ገባው። አልሰደበኝም እኮ! ‹ማንም ሳያውቅ ላስተምርህ፣ ና ቁጭ በል› ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ፊት ቆሜ... አላስቻለኝም፣ ገፋሁት።»

«መጽሐፉን ስትከምርበት ይተነፍስ ነበር?»

ሰባኪው መሬት መሬት አየ። «ይተነፍስ ነበር።»

«ከግድግዳው ወዲያ ልብስ እያጠብኩ ነበር እኮ! አንዴ ብትጠራኝ ምን ነበረበት? አንዴ!»

ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ዞር አለ። «እማዬ ይህን ከሰማች ትሞታለች። ወድቆ ነው በያት፣ እባክሽ።»

«እኔም እንዳስመስልልህ?» አለችው።

ይዘውት ወጡ። እሷ ከልጇ አንገት ሥር ተወሽቃ አለቀሰች፤ ከዚያ ጫማዋን አደረገች። ወሬው እናቷ ቤት ሳይቀድማት መድረስ ነበረባት።