የዘበኛው አማርኛ

በዘጠና አምስት ዓ.ም. በሜይ ዴይ ዕለት፣ በሶዶው ዱቄት ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጦና ማሽን ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ተመትቶ ሞተ። ማሽኑን አጥፍቶ የተላጠውን ሽቦ ሊፈታ ነበር የገባው፤ ለዞኑ እንግዶች አሳይቶ «የሚገድለን ይኸው» ሊል። ውጭ ሰው «ጦና ይናገር!» እያለ ሲያጨበጭብ አንድ እጅ ማሽኑን አስነሳበት።

ኢንስፔክተር ወልደመስቀል ሲደርስ ፖሊሶች የጦናን ምክትል ዓመለወርቅን ይዘዋታል። ጡት የሚጠባ ልጇ በሌላ ሴት እቅፍ ያለቅሳል። ያስያዛት የዘበኛው የአቶ ዳልኬ ቃል ነው። «ገባች፤ ማሽን ጮኸ፤ ወጣች» ብለዋል። በዚያ ሰዓት ከበዓሉ ቦታ የታጡት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ሴት እሷ ብቻ ናት።

«ልጄን ላጠባ ነው የሄድኩት» አለች። «ጦናን? እኔ? ወንድሜን?»

ወልደመስቀል ማሽን ቤቱን አየ። የድሮው ማብሪያ ተቃጥሎ ጦና በዋዜማው አዲስ ገጥሞ ነበር፤ ቸኩሎ ገልብጦታል። የሚበራው ወደ ታች ሲሳብ ነው።

ከታጡት ሦስቱ አንዱን፣ ዱቄት አከፋፋዩን ሐጂ አብደላን ጠየቃቸው።

«መኪናዬ ዘንድ ነበርኩ» አሉ። «ማብሪያውን ወደ ላይ ያደረገ እጅ ይቆረጥ!»

ሦስተኛው፣ ሥራ አስኪያጁ ገብረአማኑኤል ግን ተቆጣ። «እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ማሽን ቤት ከገባሁ ወር አልፎኛል። ዛሬም ሬሳ ማየት አልችል ብዬ ደጅ ቀረሁ። ማብሪያውን ቁልቁል ስባ ምን እንዳተረፈች እሷን ጠይቃት!»

ወልደመስቀል ከቢሮው ወጣ። በሩ ላይ አቶ ዳልኬ ብድግ አሉ።

«ኢንስፔክተር ወጣች! መንገድ ልቀቁ!»

«ባለቤትዎ ደኅና ናቸው፣ አባባ?»

«የለም፤ ሚስቴ ታሟል።»

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ድንገት ቀጥ አለ። ጎንበስ ብሎ ማን እንደገባ በወላይትኛ ጠየቃቸው።

«ገሊስ» አሉ። ገባ ማለታቸው ነው፤ ወንድ። አፍ በፈቱበት ቋንቋ የሚሳሳቱ ሰው አልነበሩም።

ሰው እስኪሰበሰብ ሥራ አስኪያጁ የዘበኛውን ትከሻ አቅፎ ጥግ ይዞ ቆየ። ከዚያ «የሠራተኞች አንድነት ይለምልም» ከሚለው ጨርቅ ሥር፣ አለቃው ኮማንደሩ ባሉበት፣ ወልደመስቀል ተናገረ።

«አቶ ዳልኬ በአማርኛ እኔን ሴት፣ ሚስታቸውን ወንድ ያደርጋሉ። የገባው ወንድ ነው። ሐጂ ማብሪያው እንደሌላው ሁሉ ወደ ላይ የሚበራ መስሏቸዋል። ወር ሙሉ አልገባሁም ያሉት ሥራ አስኪያጅ ግን የትናንቱ ማብሪያ ቁልቁል እንደሚሳብ ያውቃሉ። አቶ ገብረአማኑኤል፣ ጭብጨባውን ሲሰሙ ንግግሩ የተጀመረ መሰለዎት፤ በማሽን ጩኸት ሊያፍኑት ፈለጉ። ጦና ውስጥ መሆኑን ያወቁ አይመስለኝም።»

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ።

«ይህ ግምት ነው» አሉ ኮማንደሩ። «ምስክሩ ይንገሩን። ወንድ ነው ሴት?»

አቶ ዳልኬ ሥራ አስኪያጁን አዩ። ከታመመች ሚስታቸው ጋር የሚኖሩት እሱ በሰጣቸው ክፍል፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ቀጥለው ሠራተኛውን አዩ። ያን ሁሉ ሲያጨበጭብ ከነበረው ሰው አንገቱን ቀና ያደረገ አልነበረም።

«ሴት ናት» አሉ። «የገባችው ዓመለወርቅ ናት።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያን ቀን የጠራው ግን አማርኛው ብቻ ነበር። ወልደመስቀል ማን እንዳስጠናቸው ገብቶታል፤ ቢገባውስ ምን ያደርጋል? ኮማንደሩ መኪና አስነሱ። ዓመለወርቅ «ልጄን!» እያለች ተወሰደች።

ግቢው ጭር ሲል አቶ ዳልኬ ክንዱን ያዙት። እንባቸው ይወርዳል።

«ኢንስፔክተር» አሉት፣ «ይቅር በይኝ።»