ጭስ የሌለው ሳል

ልጅቱ ታስላለች። ዓይኗን በክንዷ ትጠርግና ደግማ ታስላለች። በዙሪያዋ ግን ምንም ጭስ የለም።

ኤፍራት ይህን ያስተዋለችው ትዝታው ከታሸገ በኋላ ነው። የታሸገ ደግሞ አይነካም።

የትዝታ ቤቱ በእስራኤሏ የኔታንያ ከተማ፣ በባሕር ላይ ሰፈር፣ ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ነው። የኤፍራት ሥራ ከኢትዮጵያ የመጡ የቤተ እስራኤል አረጋውያንን ታሪክ መቅዳት ነበር። ተናጋሪው ትዝታ ገላጩን፣ ማለትም በሐሳብ የሚታየውን ወደ ብርሃን ምስል የሚለውጠውን ቀለበት፣ ራሱ ላይ ያጠልቃል። ሲያወራ ክፍሉ በጎጆና በሰው ይሞላል። መሣሪያው የተጠራጠረውን ነገር በቀይ ይከብና ቀጂዋን ይጠይቃል፤ «ይስተካከል?»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከወገራ ወጥተው ሱዳን ስለቆዩበት መጠለያ ሲናገሩ፣ አንዲት ቅዳሜ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ምስሉ ግን ቀጠለ። ከድንኳናቸው ደጅ ጭስ ተነሣ። መሣሪያው ከበበው፤ «ሰንበት። እሳት። ከማኅበረሰቡ ሥርዓት ጋር አይስማማም። ይስተካከል?»

ኤፍራት አልጠየቀቻቸውም። የራሷ አያቶች በሰንበት እሳት አይነኩም ነበር። ደግሞም ልጆቿ ትምህርት ቤት ውስጥ «እናንተ እውነት አይሁድ ናችሁ?» ተብለው ያውቃሉ። ሰው ይህን አይቶ ምን ይላል ብላ ፈራች። «ይስተካከል» አለች። ጭሱ ጠፋ፤ ትዝታው ታሸገ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ፈንታነሽ ምስሉን ሊያዩ መጡ።

«ቶሎ በይ፤ ሰንበት ሳይገባ ቤቴ ልድረስ» አሉ። «ያቺ ቀጫጫ እኔ ነኝ? እንዲህ አስቀያሚ ነበርሁ እንዴ?»

ከዚያ ቅዳሜዋ መጣች። አሮጊቷ ወደ ፊት አዘነበሉ።

«ጭሱ የለም» አሉ ቀስ ብለው።

ኤፍራት ዓይኗን ወደ ምስሉ መለሰች።

«ጎረቤቶቻችን ቅዳሜ ሲያበስሉ የእኛ ደጅ ብቻ አይጨስም። አይሁድ መሆናችን ከታወቀ አለቀልን። የምናበስል እንዲመስል እርጥብ ሣር ለኮስሁ። አባየ አየኝ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሞተ፤ እስኪሞት አንዲት ቃል አልተነፈሰልኝም። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም።» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «መሣሪያው እውነቱን ብቻ ነው የሚያሳየው ብለሽኛል። እንግዲህ ኃጢአቴ ተፍቆልኛል።»

እንዲያ ብላ የነገረቻቸው ራሷ ኤፍራት ናት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። የአሮጊቷ ፊት እንደዚያ በርቶ አይታው አታውቅም።

«እማማ፣ ጭሱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሰው ስለ እኛ ክፉ እንዳያወራ ብዬ።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ምስሉ ውስጥ ወዳለችው ልጅ ዞሩ። «ጭሱንም ምሕረቱንም ወሰድሽብኝ በዪኛ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ እንዳይታወቅብን አጨስሁ። አንቺ እንዳይታወቅብን አጠፋሽ» አሉና በአፍንጫቸው ሳቁ። «ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንድ ፍርሃት። ምን ይሻለናል?»

«አዲስ እንቅዳ፤ አሁኑኑ። ሁለት ደቂቃ ይበቃናል» ብላ ኤፍራት ቀለበቱን አነሣች። በመስኮቱ በኩል ፀሐይዋ ባሕሩን ነክታለች። እሑድ ቢያማቸውስ? ደረጃው ላይ ቢወድቁስ? ተኝተው ባይነሡስ?

አሮጊቷ እጇን ያዙት። «በፍርሃት አንድ ጊዜ ሰንበት ሽሬአለሁ። ሁለተኛ አታስሽሪኝ። እሑድ መጥቼ በአፌ እናገረዋለሁ።»

«እሑድ ካልመጡስ?» አለች ኤፍራት።

«ባልመጣ አንቺ ሰምተሻል። አንቺ ተናገሪው። ያጠፋሽውንም ጨምረሽ።»

ኤፍራት ደግፋ አወጣቻቸው። መብራቱን ስታጠፋ ልጅቱ አብራ ጠፋች፤ ሳሏ ግን ከጨለማው ውስጥ የሚሰማ መሰላት። በሩን ቆለፈች። መቆለፉን ለማወቅ ደግማ ሳበችው።