በጉም ውስጥ እጄን ያውለበለብኩለት ሹፌር

«እማዬ፣ እጅሽን የምታውለበልቢው ለማን ነው?»

ልጄ ቶርቤን ይህን ሲጠይቀኝ እጄ ገና አልወረደም ነበር።

የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። ጊዜው ጥቅምት፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ቦታው በመኪና ውድድር የታወቀችው የጀርመኗ ከተማ አደናው።

የመኪና ውድድሩ መንገድ ጫካውን ዞሮ በከተማዋ ቤቶች ጓሮ በኩል ያልፋል። ውድድር በሌለበት ቀን የፈለገ ሰው ከፍሎ በራሱ መኪና ይነዳበታል። ቶርቤን በየሳምንቱ ይሄዳል፤ እኔም በየሳምንቱ ስልኬን አቅፌ ስጸልይ እውላለሁ።

ያን ቀን ግን አብሬው መጣሁ። የመጨረሻ ዙሬን ካየሽልኝ መኪናውን እሸጠዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

ያረፍነው ለእንግዳ ክፍል የሚያከራዩት ወይዘሮ ሮስቪታ ቤት ነው። ቁርስ ላይ የአገሩን ልማድ ነገሩኝ። ሹፌር የመጨረሻ ዙሩን ሲነዳ አጥር ዳር የቆመ ሁሉ እጁን ያውለበልብለታል። ጨርሰሃል፣ ግባ ማለት ነው።

ቶርቤን እንደሄደ ጓሮ ወጥቼ አጥሩ ጋ ቆምኩ።

ጉም ወረደ።

አንድ ሠራተኛ አጥሩ ላይ ሰሌዳ ሰቅሎ ሄደ። ማንበብ ገና እየተማርኩ ስለሆነ ፊደል በፊደል ያዝኩት። የመጀመሪያውን ቃል ሳልጨርስ...

መኪና መጣ።

እንደ ቶርቤን መኪና ሰማያዊ ነው። መብራቱ ጠፍቷል።

መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቷል... ጎማው ግን አይረጭም።

ሹፌሩ ሄልሜት አድርጓል። ፊቱን ያዞረው ወደ መንገዱ አይደለም። ወደ እኔ ነው።

ልጄ መሰለኝ። እጄን አውለበለብኩ።

መኪናው ቆመ።

ያኔ ነው ቶርቤን ከኋላዬ፣ ከቤቱ በር ላይ ሆኖ የጠየቀኝ። በጉሙ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ፣ ሳይነዳ ተመልሷል። ሰሌዳውም የሚለው ይህንኑ ነበር።

መልሼ ወደ መንገዱ ስዞር መኪናው የለም።

የአጥሩ በር ግን ተከፍቷል።

ቶርቤን ሻንጣ ሊጭን ሲወጣ ወይዘሮ ሮስቪታ ክንዴን ያዙኝ።

«አውለበለቡለት?» አሉ በሹክሹክታ።

«ልጄ መስሎኝ...»

«በጉም ቀን እኛ አናውለበልብም። በጉም የሚመጣው የሞተ ሹፌር ነው፤ ግባ ካለው ሰው አይለይም። እስከ ቤቱ ይከተለዋል።»

በመስኮት አየሁ። ቶርቤን እያፏጨ ሻንጣ ይጭናል። አጠገቡ ሄልሜት ያደረገ ሰው ቆሟል። ከልብሱ ውሃ ይንጠባጠባል። እጁ እኔ በምቀመጥበት በኩል ባለው በር ላይ ነው...

ቶርቤን አያየውም።

«እኔ ካልሄድኩስ?»

«እሱም አይሄድም» አሉኝ።

ወጣሁ። ራሴን አሞኛል፣ ሰኞ በአውቶቡስ እመጣለሁ አልኩት።

«ብቻዬን እንድነዳ አመንሽኝ? እውነትም ታመሻል» ብሎ ሳቀብኝ።

ጉንጩን ሳምኩት። ቶሎ ለቀቅኩት፤ እንባዬን እንዳያይ።

መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። በደንብ አይቻለሁ።

ገብቼ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተሳበ...

እርጥብ ጓንት እጄ ላይ አረፈ።

ቶርቤን ሄደ። እኔ ቀረሁ።