ግማሽ ካፕሱል

«መድኃኒቱን በየጠዋቱ የሚሰጠው ማነው?» አለች ሐኪሟ።

እናትና ልጅ እኩል ወደ አለቃ ዞሩ። አለቃ የቤት ስሟ ነው፤ ያወጣላትም ታላቅ ወንድሟ። በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ ካፕሱል ይዛ አልጋው አጠገብ ትቆምና እስኪውጥ ድረስ ንቅንቅ አትልም። እሱም «እሺ አለቃ» እያለ እየሣቀ ይቀበላታል። ዛሬ ግን አይሥቅም። ሐኪሟ ፊት ለፊት ተቀምጦ በፋሻ የተጠቀለለ አውራ ጣቱን ይነካካል።

«እኔ ነኝ» አለች አለቃ።

«በደንብ አስቢና መልሺልኝ። ሳይዘለል፣ ሙሉውን ይወስዳል? ይሄ መድኃኒት ከመጠን ሲያልፍ ልብ ላይ ጫና ያመጣል። በትክክል እየወሰደው ካልሠራለት መጠኑን እጨምርለታለሁ። እየጎደለ ከሆነ ግን መጨመር የለብኝም።»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የሰፋ በር አይከፈትላትም ነበር። አለቃም በሩን አይታዋለች። አይታውም ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «አንድም ቀን ዘሎ አያውቅም» አለች።

እውነት ነው፣ ዘሎ አያውቅም። የሚውጠው ካፕሱል ግን ግማሹ ባዶ እንደሆነ አያውቅም፤ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ወንድሟን የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው «ንፋስ» በሚለው ስም ነው። ከልጅነቱ አንድ ቦታ አይረጋም። ውሃ ቅዳ ሲባል ባልዲውን መንገድ ላይ ረስቶ ኳስ ሲያባርር ይገኛል፤ ደብተር ሲገልጥ ሐሳቡ ሌላ አገር ሄዷል። ሰነፍ ተባለ፣ ባለጌ ተባለ፣ ዱላውንም ቀመሰ። በመጨረሻ ይህችው ሐኪም ናት «ስንፍና አይደለም፤ ትኩረቱን መሰብሰብ የሚያቅተው ሕመም ስላለበት ነው፤ ሕክምና አለው» ያለችው። መድኃኒቱን ሲጀምር ቀልቡ ተሰበሰበ። አናጢ ቤት ሥራ ገባ። ጋሼ የሚሏቸው የአናጢ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ መጥረጊያ፣ ቀጥሎ መላጊያ፣ ኋላም የመጋዙን ማሽን አስጨበጡት። ማሽኑን የተረከበ ዕለት እራቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ ማሽኑ ሲያወራ ነበር።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸበት። የሰው ቁም ሣጥን በር አሳጥሮ ቆረጠ። የለካውን መልሶ ይረሳል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማሽኑ እየሠራ ዓይኑን ወደ መንገድ መለስ ሲያደርግ መጋዙ አውራ ጣቱን ነካው። አጥንቱ በተአምር ተረፈ። ጋሼ ማሽኑን አጠፉና «ልጄ፣ እናትህን ምን ብዬ ነው የማያት?» ብለው ከዚያ በኋላ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት እንዲያለሰልስ አደረጉት።

«መድኃኒቱ ምን ያድርግ ዶክተር» አለ ንፋስ አንገቱን እንደደፋ። «ድሮም እኔ ነኝ የማልረባው።»

«ተው እንጂ፣ እንዲህ አይባልም» አለች እናታቸው፤ ድምፅዋ ግን ራሷንም የሚያሳምን አልነበረም።

አለቃ የወንድሟን ፋሻ አየችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሐኪሟ ጻፈች፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ የበፊቱን እጥፍ።

ይህ ሁሉ የመጣው በፈተና ነው። ፈተናው ሊደርስ ሲል አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ፣ «ትኩረት የሚሰጥ ክኒን አለ አሉ፤ አንዷን ዋጥ ካደረግሽ መጽሐፉን ሙልጭ ነው» ብላ ሣቀች። አለቃም አብራ ሣቀች። ክኒኑ ቤቷ፣ የገዛ መሳቢያዋ ውስጥ እንዳለ ግን ትንፍሽ አላለችም። ንፋስ ዕቃ ስለሚጥል መድኃኒቱን እንድትይዝ እናቷ አደራ የሰጠችው ለእሷ ነው።

ሙሉውን መውሰድ ስርቆት መሰላት። ግማሹን ግን መካፈል ብላ ጠራችው። እነሱ ቤት ሁሉም ነገር ለሁለት ነው። እናታቸው ቀኑን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ስለምትውል፣ ትታላቸው የምትሄደውን ዳቦ እንዳይጣሉበት ሕግ አውጥታላቸው ነበር፤ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይመርጣል። ንፋስ ሲቆርጥ ሁልጊዜ አንዱን ጎን ያተልቅና ትልቁን እስክታነሳ ጣራ ጣራ ያያል። በካፕሱሉ ጊዜ ግን ቆራጯም መራጯም እሷው ሆነች፤ እሱ ተኝቶ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ይሉ ነበር፤ ይሄን መካድ አይቻልም። እንቅልፍ የለ፣ ረሃብ የለ፣ ገጹ በገጽ ላይ ይገለበጣል። የአንዱ ፈተና ውጤቷም ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ልቧ ያለ ምክንያት ትደልቅ ጀመር። ምግብ አስጠላት። በትንሹም በትልቁም ትቆጣለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንዲት ገጽ ላይ በሦስት ቀለም ስታሰምር ውላ፣ ስትጨርስ ምን እንዳነበበች አላወቀችም። ይቅርብኝ ብላ ስትተወው ደግሞ ሰውነቷ እንደ ራሰ ልብስ ይከብዳል፤ ዴስክ ላይ ተደፍታ ትተኛለች፤ የሚያስለቅስ ነገር ሳይኖር ታለቅሳለች። እናም ትመለሳለች። «ከፈተና በኋላ» ያለችው ቀጠሮ ፈተናው አልፎም አልደረሰም።

ከሐኪሟ ዘንድ ወጥተው መድኃኒት ቤት ገቡ። ፋርማሲስቱ አዲሱን ብልቃጥ ለእናታቸው እያሳየ፣ «ይሄ ጠንከር ያለ ነው፤ አንዱ ካፕሱል የበፊቱን ሁለት ያህላል። ለእሱ ተለክቶ የታዘዘ ነው፤ ጓደኛም ዘመድም አይቅመሰው» አለ። «ሐኪም ሳያዘው ለምዶት መተው ያቃተው ሰው ካለም ብቻውን አይታገል። እዚሁ ሐኪም ቤት ቢመጣ ቀስ አድርገው ያስተዉታል። ማንም አይቆጣውም።»

ይህን ለሁሉም ደንበኛ የሚለው ይሆናል። ለአለቃ ግን ስሟን ጠርቶ የተናገራት ያህል ነበር።

«እኛ እንኳን ጠባቂ አለን» አለች እናቷ፤ የአለቃን ትከሻ በኩራት መታ መታ እያደረገች። አለቃ በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጣት የወደደችበት ጊዜ የለም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ነገሩን በሐሳቧ ታወጣና ታወርድ ጀመር። እስከ ዛሬ እንዳደረገችው ግማሹን ብትወስድ፣ ለንፋስ የሚደርሰው ሐኪሟ መጀመሪያ ያዘዘችለት ትክክለኛው መጠን ነው። ይድናል። ወደ ማሽኑም ይመለሳል። ለእሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ስትወስደው የነበረው እጥፍ ይደርሳታል፤ ልቧ ይሄን ይቻል አይቻል እንጃ። ብትተው ግን እጥፉ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ልብ ነው የሚገባው። መስረቅ ወንድሟን የሚያድነው፣ መተው ደግሞ የሚጎዳው ሆኖ አረፈው። እዚህ ቅርቃር ውስጥ የከተተቻት ያቺ ሐኪም ቤት የተናገረቻት አንዲት አረፍተ ነገር ናት።

ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ አንድ መላ ይዛ ነበር። ግማሹን ታወጣና ትደፋዋለች። ንፋስ የሚበቃውን ያገኛል፣ እሷም ከዛሬ ጀምሮ ትተዋለች፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ይጠገናል። ካፕሱሉን ከፍታ ግማሹን ማንኪያ ላይ አደረገች። ቀሪውን እንደነበረ ገጠመችው። የቧንቧውን ውሃ ለቀቀችና ማንኪያውን ይዛ ቆመች።

ውሃው ይወርዳል። ልድፋው፣ አለች በልቧ። እጇ ግን እሺ አላላትም።

ቧንቧውን ስትዘጋ ማንኪያው ባዶ ነበር፤ አፏ ደግሞ መራራ። ያኔ ነው ከምር የደነገጠችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መተውን የምታዘገየው ስለፈለገች ይመስላት ነበር።

ብርጭቆውንና ካፕሱሉን ይዛ ወደ ወንድሟ ክፍል ሄደች። ንፋስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባልታሰረው እጁ ጫማውን ለማጥለቅ ይታገላል።

«ደህና አደርሽ አለቃ። እስኪ አዲሷን አምጫት» አለ እጁን ዘርግቶ። «እቺም ካልሠራችልኝ የእንጨት ነገር ይቅርብኝ። ጋሼን ደግሞ ጣቴን ቆርጬ አላሳቅቃቸውም።»

«አትዋጣት።»

«ምነው?»

ተናገረች። ተርታ አልነበረውም፤ ከመሃል ጀምራ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ግማሹ፣ ለሐኪሟ ስለመለሰችው መልስ፣ አሁን ወጥ ቤት ውስጥ ስላደረገችው። ንፋስ አላቋረጣትም። አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ተክሎ ይህን ያህል ሲቆይ አይታው አታውቅም። በጥፊ ቢመታት፣ ቢጮህባት ይቀላት ነበር።

«ስለዚህ እኔ አልነበርኩም?» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«በሩን ያሳጠርኩ ጊዜ። ጣቴን የቆረጥኩ ጊዜ። ከንቱ ነኝ ብዬ…» ቃሉን አልጨረሰውም። «እኔ አልነበርኩም ማለት ነው?»

«አልነበርክም። እኔ ነኝ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችና ልትጠጋው አንድ እርምጃ ወሰደች፤ ድፍረት አጣችና ባለችበት ቀረች። አዝና ነበር፤ ሐዘኗ ግን ለንፋስ ያለፉትን ወራት የሚመልስለት አልነበረም፤ ይህንንም አውቃለች።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለ ከእጆቹ ውስጥ።

ይህን ጥያቄ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። መልሱ ግን ወዲያው መጣላት፤ ለካ ከመጀመሪያውም ታውቀው ነበር። «ብጠይቅህ ትሰጠኝ ነበር። ከሰጠኸኝ ደግሞ ያንተ እንደሚጎድል አየዋለሁ። ተኝተህ ስወስደው አላየውም።»

ንፋስ ካፕሱሉን ከእጇ ወስዶ ኪሱ ከተተና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አሁን ተዪኝ» አለ። አለቃ አላላትም።

ወጣች። እናቷ በሩ አጠገብ ለሥራ ቦርሳዋን አንግታ ነጠላ ጫማዋን ትፈልጋለች። ብትጠብቅ ንፋስ ራሱ መጥቶ ይነግርላት ይሆናል። ወይም ዝም ይልላታል፤ እሱን ታውቀዋለች፣ ከነንዴቱም ዝም ሊልላት ይችላል። ያም ሌላ ግማሽ ከእሱ መውሰድ ሊሆን ነው። ልቧ ክፉኛ ትደልቅ ነበር፤ ከመድኃኒቱ ይሁን ከፍርሃቱ መለየት አቃታት።

«እማዬ፣ ዛሬ ሥራ አትሂጂ። ሐኪም ቤት መሄድ አለብን።»

እናቷ ቀና አለች። ፊቷ ባንዴ ተለወጠ። «ወንድምሽ ምን ሆነ?»

«እሱ ምንም አልሆነም» አለች አለቃ። «የምትወስጂው እኔን ነው።»