የጸጋው ሄድፎን አዲስ ስፖንጅ

ጸጋው ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሥፍራ ጀርባ፣ ማንም በማያልፍበት በኩል፣ ከአንድ ፎቅ የብረት ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ላይ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መዝሙርም መንዙማም የሚቀዳባት ጠባብ ስቱዲዮ ነበረችው። ያገኘው ሀፊዝ ነው፤ እዚያው ገበያ ውስጥ የስልክ ሽፋንና የሄድፎን ዕቃ ይሸጣል። ሊያነሳው ሲል እጁም ሸሚዙም ደም በደም ሆነ፤ ያንን ያየ ሰው ሁሉ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም።

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ እሑድ ጠዋት ተጠራች። ወንድሟን ከቀበረች ሦስት ሳምንቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አይሰማትም። ሬሳውን አየች፤ አልደነገጠችም። የሀፊዝ እናት ጣቢያው በር ላይ ስታለቅስ አየች፤ አላዘነችም። የሚሠራላት ዓይኗ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ድሮው ይሠራል።

ለኮማንደር ስማቸው ጉዳዩ ያለቀ ነበር። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን» አላት። «ጸጋው ያለቀውን መዝሙር ልክ በአሥር ሰዓት ለኮምቦልቻው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን በቴሌግራም ልኳል። ስለዚህ ያኔ በሕይወት ነበር። አሥር ተኩል ላይ ሬሳ ሆነ። በመሃል እዚያ የታየው ይኸው ሰውዬ ብቻ ነው።»

«ምን ልሠራ ሄድኩ ይላል?»

«ስፖንጁ ተመችቶት እንደሆን ልጠይቀው ብዬ ነው ይላል። ለሄድፎን ስፖንጅ ብሎ ሦስት ፎቅ የሚወጣ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይታ አታውቅም። ስለዚህ ራሱን ሀፊዝን ልትጠይቀው ወረደች።

«ወላሂ አልገደልኩትም!» አላት ሀፊዝ። «ዓርብ ከጁምዓ በፊት ነው የቀየርኩለት። የአሮጌው ቆዳ ተቀዳዶ፣ ስፖንጁ እንደ ቂጣ ሳስቶ ነበር። መነጽር ያደርጋል አይደል፤ እጀታው ከጆሮው ኋላ እየቆረቆረው በየግማሽ ሰዓቱ ያወልቃል። አዲሱ ወፍራም ነው፤ ጆሮን ዙሪያውን ገጥሞ ይዘጋል።»

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን ተመልሰህ ሄድክ?»

«አዲሱን አድርጎ የራሱን ሥራ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠብኛ! በአሮጌው ቀዳዳ ቤዙ፣ ያ የሚነዝረው ወፍራም ድምፅ፣ እየሾለከ ይጠፋበት ነበር፤ እሱ አነሰ እያለ ይጨምራል። የባጃጅ ሾፌሮች ለምን በጸጋው ሥራ እንደሚያብዱ ያን ለት ነው የገባን። ‹ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው በቤዝ ስደበድብ ኖርኩ?› አለኝ። አዝኖ ነው የተለየኝ፤ ስፖንጁንም ልጠይቀው፣ አብሽር፣ አይዞህ ልለውም ነው የሄድኩት።»

ያለምወርቅ ይህን ጽፋ ወደ ስቱዲዮው ወጣች። የከፈተችላት አቢጌል ናት፤ ኮምቦልቻ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራኑ መሪ በመሆኗ ቁልፍ ነበራት።

«ጸጋውን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ሐሙስ። እንደ ሁሌው የሄድፎኑ ቆዳ ጥቁር ቅርፊት ጆሮው ላይ ተለጥፎ ነበር። ‹ሂድ ታጠብ› ብዬው ስቄበት ወጣሁ።»

የሬሳው ጆሮ ንጹሕ ነበር። ያለምወርቅ ይህንንም ጻፈች።

«ቅዳሜ የደረሳችሁ መዝሙርስ? ቤዙ ቀንሶ ነበር?»

«ኧረ እንደ ሁሌው ነው! የአዳራሹን ወንበር ነው ያንቀጠቀጠው።»

መዝሙሩን የዘመረው እስራኤል ከአቢጌል ጋር መጥቶ ነበርና ቀጥሎ እሱን ጠየቀችው። ረጋ ያለ፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነው።

«በአሥር ሰዓት የት ነበርክ?»

«ከዚህ ርቄ፣ ኮምቦልቻ፣ ልምምድ ላይ። አርባ ሰው ምስክሬ ነው።»

«መዝሙሩ የማን ድርሰት ነው?»

«ጌታ በጾም በጸሎት የሰጠኝ ነው። ጉባኤው ሁሉ ያውቃል።»

«ጸጋው የሄድፎኑን ስፖንጅ መቀየሩንስ ታውቅ ነበር?»

«የምን ስፖንጅ?» አለ እስራኤል።

ሁለቱ ሲሄዱ በሟቹ ወንበር ተቀምጣ ሄድፎኑን አደረገች። የገበያው ጫጫታ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ለስላሳ ነው፤ ጆሮዋንም መነጽሯንም አልተጫናትም። ደስ ሊላት የሚገባ ነገር መሆኑ ታወቃት እንጂ ደስ አላላትም። መዝሙሩን ደጋግማ ሰማች፤ መጨረሻ ላይ ሌላውን ሁሉ ዘግታ የእስራኤልን ድምፅ ብቻ አስቀረች። ከዚያ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገልብጣ አሮጌዎቹን ስፖንጆች አወጣች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አራቱን ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮማንደሩ ሰዓቱን ያያል፤ ሀፊዝ እጁ በካቴና ታስሯል፤ አቢጌልና እስራኤል ጎን ለጎን ቆመዋል። ካቴናውን አስፈትታ፣ ሀፊዝ አሮጌውን ስፖንጅ መልሶ እንዲገጥም አደረገች። ኮማንደሩ የተላከውን መዝሙር በአሮጌው ሰማ፤ ቀጥሎ በአዲሱ።

«ይሄማ ሌላ ሥራ ነው» አለ፤ በሁለተኛው ፊቱን አጨማዶ። «ጭንቅላቴን ነዘረኝ።»

«ያው ነው። የተለወጠው ጆሮዎ ላይ ያለው ብቻ ነው። የጸጋው ጆሮ ሐሙስ ቅርፊት ነበረበት፣ ሲሞት ግን የለበትም። ስለዚህ ስፖንጁ ሳይሞት በፊት ተቀይሯል፤ ሀፊዝ እውነቱን ነው። አሁን ኮምፒውተሩን ይዩ። ጸጋው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤዙን ቀንሶ መዝሙሩን እንደ አዲስ ይሠራ ነበር፤ አልጨረሰም። በአሥር ሰዓት የተላከው ግን የሐሙሱ ነው። ሰው ያፈረበትን ሥራ ለአርባ መዘምራን ይልካል?»

«አይልክም» አለች አቢጌል።

«ስለዚህ የላከው ሌላ ሰው ነው፤ ስፖንጁ መቀየሩንና ሥራው እንደ አዲስ መጀመሩን የማያውቅ። በጸጋው ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም ደግሞ ሰዓት ከሞሉለት ሰው በሌለበትም ራሱ ይልካል። አሥር ሰዓት ላይ ጸጋው በሕይወት ነበር መባሉ ለሀፊዝ ምን ይጠቅመዋል? ገመድ ሆነበት እንጂ። የሚጠቅመው በአሥር ሰዓት አርባ ምስክር ላለው ነው።»

ሁሉም ወደ እስራኤል ዞሩ።

«ለምን እገድለዋለሁ?» አለ እስራኤል።

«ስትዘምር ያደረግከው ይሄንኑ ሄድፎን ነው፣ በአሮጌው ስፖንጅ። ዜማው እንዳይጠፋህ ከስልክህ የምትሰማው የሌላ ሰው ድምፅ በተቀዳደደው በኩል ወደ ማይኩ ሾልኮ ገብቷል። በአሮጌው ስፖንጅ፣ የገበያው ጫጫታ እየገባ፣ ማንም አይሰማውም ነበር። ጸጋው በአዲሱ ሰማው።» የእስራኤልን ድምፅ ብቻ ከፍታ ሄድፎኑን ለአቢጌል ሰጠቻት። «አንቺ ታውቂው እንደሆነ።»

አቢጌል ሰማች። ከዚያ በሁለት እጇ ስፖንጆቹን ወደ ጆሮዋ ጫነቻቸው።

«አባዬ ነው» አለች።

አባቷ ወንጌላዊው ዓለማየሁ አምና ነው ያረፉት። በሕመማቸው ወራት አጠገባቸው ተቀምጦ ያስታመማቸው እስራኤል ነበር፤ ስለዚህም ቤተሰቡ ሁሉ ሲመርቀው ነው የኖረው።

«እስራኤል ዘምሮ ሲያበቃ አባዬ ይናገራል» አለች አቢጌል። «‹እስራኤልዬ፣ ይቺን መዝሙር ለአቢጌል አድርስልኝ› ይላል።»

እስራኤል ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ጌታ ሰጠኝ ብዬ በጉባኤ ፊት መስክሬያለሁ» አለ። «እንዴት ልመለስ? ጸጋው ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ አስጠርቶ አሰማኝ። ‹አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› ብሎ ወጣ። ደረጃው ላይ ለመንኩት፤ እንቢ አለ፤ ገፋሁት።»

«ከዚያ ወርደህ አላየኸውም» አለች ያለምወርቅ። «ለቴሌግራሙ ሰዓት ልትሞላ ተመልሰህ ወጣህ።»

ኮማንደሩ ያችኑ ካቴና አንስቶ አሰረውና ይዞት ወረደ።

«ሂድ፣ እናትህ ጣቢያው በር ላይ ናቸው» አለችው ያለምወርቅ ሀፊዝን። እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ኢንስፔክተር፣ በአላህ ይንገሩኝ። ስፖንጁን ባልቀይርለት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር?»

ለመዋሸት እንኳ ትንሽ ማዘን ያስፈልጋል፤ እሷ ዘንድ ደግሞ ያ አልነበረም።

«ይኖር ነበር» አለችው።

አቢጌል ሄድፎኑን አውልቃ ነበርና ሰማች። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሀፊዝ ዞረች።

«እኔም አባቴን ሳልሰማው እቀር ነበር፣ ወንድሜ» አለችው።

ሀፊዝ እዚያው የስቱዲዮው በር ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።