ሞራ የምትቀባዋ ዶቅዶቄ

በአርብ ገበያ ከተማ፣ ከጨው ተራ በስተጀርባ፣ መከራ በሩን ለይቶ የሚያውቀው አንድ ቤት ነበር። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። የቤቱ አባወራ ጁሃር ከነበቅሎው ገደል ገብቶ ወገቡ ሲሰበር፣ ሴት ልጁ ሀምዲያ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ከወገቡ በታች የማይንቀሳቀስ ነጋዴ ምን ይበላል? ምንስ ያበላል? የደረሰለት ታናሽ ወንድሙ ራሺድ ነው። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ የቆየው ራሺድ አንድ አሮጌ ዶቅዶቄ አመጣ፤ የኋላ ጎማውን አውልቆ በምትኩ ሁለት ገጠመለት፤ ፍሬኑንና ማርሹን ከእግር ወደ እጅ አዛወረው፤ ከኋላ የጭነት ሳጥን ሠራለት። ጁሃርም ሐሙስ ሐሙስ ነፋስ መውጫ ወጥቶ ጨውና ላምባ ጭኖ ለአርብ ገበያ ይደርስ ጀመር።

ደስታ ግን በዚያ ቤት መች ይበረክታል! ዓመት ሳይሞላ ራሺድን ተስቦ ጣለው። ሊሞት ሲል ያስጠራው ወንድሙን አልነበረም፤ የወንድሙን ሚስት ሰፊያን ነው።

«እትዬ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት አይችልም። ዶቅዶቄዋ ሮብ ሮብ ሳታዪያት እንዳትወጣ። የጎማዋን ቀጫጭን ዘንጎች፣ ራጂዎቿን፣ በማንኪያ ምቺ፤ የላላው ድምፁ ይሞታል። ቡሎኗን አጥብቂ፣ ካቴናዋን ሞራ ቀቢ፣ የፍሬኑን ሽቦ በጣትሽ ዳብሺው… ወላሂ በዪኝ!»

«ወላሂ።»

ፊደል ያልቆጠረችው ሰፊያ ቃሉን እንደ ቁርአን ሱራ በልቧ ያዘችው። ቢስሚላሂ ብላ ከፊት ጎማ ትጀምራለች፤ አልሐምዱሊላህ ብላ ከኋላው ትጨርሳለች። ዝናብ ቢዘንብ፣ ራሷን ቢያማት፣ አንድ ሮብ አላለፋትም። ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ገብሱ ቆሞ ደረቀ፣ ከብቱ መነመነ፤ ከእስላም እርድ የምትገኝ ጭብጥ ሞራ ብርቅ ሆነች። ሰፊያ ያቺኑ ጭብጥ ለሁለት ከፍላ እኩሌታዋን ለካቴናው አስቀመጠች።

«ለብረት ሞራ፣ ለልጅ ደረቅ ቂጣ!» ብላ ሀምዲያ አለቀሰች።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ይታይሽ ከአጥሩ ማዶ ሰምታ፣ «ሰፊያማ ብረት ወልዳለች!» ብላ ሳቀች። ያ ሳቅ በልጅቷ ልብ ቀረ። አድጋ ለሀሚድ ተድራ የግማሽ ቀን መንገድ ስትሄድ፣ እናቷን ዞር ብላ አላየቻትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልላከችም። የእናት ጆሮ ግን በየሮቡ የራጂ ድምፅ እየሰማ፣ የልጅን ድምፅ አይጠብቅም?

አንድ አርብ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ቃሬዛ መጣ። ሀምዲያ ነበረች! ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ። ነፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች እንደማትተርፍ አዋላጇ ተናገረች። ሳጥኑ ላይ አስተኟት፤ ጁሃር ሞተሩን አስነሣ።

«ቁም!» አለች ሰፊያ። «ትናንት ጨው ጭና ነው የገባችው። ሳላያት አትወጣም።»

«ልጅዎ እየሞተች እኮ ነው!» ሀሚድ ጮኸ።

«ዛሬም ብረቱን ልታስቀድሚ ነው? እግዜርን አትፈሪም?» አለች ይታይሽ።

ሀምዲያ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን አዞረች። ወይ የእናት አበሳ! ሰፊያ ተንበረከከች። ማንኪያዋ ራጂውን ሲመታ ሁሉም ጥርት ብሎ ጮኸ። ቡሎኑ ጠብቋል። የፍሬኑን ሽቦ ስትዳብስ ግን ጣቷ ደማ። ሽቦው ተበጣጥሶ በሁለት ክር ብቻ ተንጠልጥሏል!

ጁሃር ሞተሩን አጠፋ። «ሰፊያ ሳትጨርስ አንድ ሰው እንዳይናገር!»

ሰፊያ፣ ራሺድ በሕይወት ሳለ ከዶቅዶቄዋ ወንበር ሥር ያስቀመጠውን መለዋወጫ ሽቦ አውጥታ በፒንሳ አሰረችው። ከዚያ ልጇን አቅፋ ሳጥኑ ላይ ወጣች።

ቁልቁለቱ ላይ ጎርፍ መንገዱን ግማሽ በልቶት ነበር። ጁሃር ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመቀው። ጠጠሩ ወደ ገደሉ ወረደ… ዶቅዶቄዋ ግን ከአፋፉ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች!

ሀምዲያ የእናቷን የደማ ጣት አየች። «እማ… እኔ እኮ ከእኔ ብረት ትወጃለሽ ብዬ…»

«ብረት አይደለም የቀባሁት፣ ልጄ። አባትሽን ነው። ዛሬ ደግሞ አንቺን።»

በዚያው ምሽት ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙን ራሺድ አሉት። በሳምንቱ አርብ ሲመለሱ ገበያተኛው መንገዱን ለቆ በእልልታ ተቀበላቸው። ይታይሽ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ፣ እያፈረች ቀረበች።

«በሰንበት የጣልነው በሬ ሞራ ነው። የክርስቲያን እርድ ለእናንተ አይሆንም፤ እሷ ግን…» ዶቅዶቄዋን በአገጯ አመለከተች፣ «ሃይማኖቷ ምንድን ነው?»

ሰፊያ ክው አለች። ያ ሁሉ ዓመት፣ ከልጇ አፍ የቀነሰችው ሞራ… መድኃኒቱ ለካ ከአጥሩ ማዶ ነበር!

«ምነው ያን ጊዜ ባሰብነው፣ ይታይሽ!»

«እኔማ መሳቅ ይዤ!»

ተቃቅፈው ሲስቁ እንባቸው ወረደ።

በማግስቱ ሳይሆን በሮቡ፣ በሰዓቱ፣ ሀምዲያ ሕፃኑን አዝላ ከእናቷ እጅ ማንኪያውን ወሰደች። «ቢስሚላሂ» ብላ ከፊት ጎማ ጀመረች። ዕጣ ፈንታ በዚያ ቤት ላይ ስንት ጊዜ እጁን አነሣ! ግን አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ በጣቷ የዳበሰችውን፣ እሱም ሊበጥሰው አልቻለም። ራጂዎቹ አንድ በአንድ ዘመሩ፤ አንድም ድምፁ የሞተ አልነበረም።