የነብሮ ሰንሰለት

ጎረቤላን የሸፈነው ጉም ገለጥ ሲል መምህር ኃይለ ገብርኤል ከመንገዱ ዳር ሞተው ተገኙ። ጋቢያቸው ተዘነጣጥሏል፤ ክንዳቸውና አንገታቸው ላይ የውሻ ጥርስ አርፏል። የማይለያቸው የወይራ ዱላ ከጎናቸው ተጋድሟል።

ኢንስፔክተር ፀደንያ ከደብረ ብርሃን ስትደርስ የመንደሩ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

«የወልደአረጋይ ውሻ ነው» አላት ሳጅን ገብረ ጻድቅ። «ነብሮ ይሉታል። ስንት ጊዜ እሰር ተባለ! ገበያተኛው እንኳ በሱ ደጅ ማለፍ ትቷል። ባለፈው ወር የረሺድን ልጅ ራኒያን ነክሷት፣ ያቺ ሕፃን ለመርፌ ደብረ ብርሃን ስትመላለስ ከረመች።»

«ጉዳዩ ምን ደረሰ?»

«ማክሰኞ ነው ቀጠሮው። ወልደአረጋይ አምልጦኝ ነው ይላል። መምህሩ ግን ‹ያዛት! ብሎ ሲለቅባት አይቻለሁ› ብለው ሊመሰክሩ ነበር። ሌላ ያየ የለም። እንግዲህ ምስክሩንም ውሻው በላቸው።»

ፀደንያ ተንበርክካ የጋቢውን ቅዳጅ ገለጥ አደረገች። ጥርሱ ጠልቆ ገብቷል፤ ደም ግን የለም ማለት ይቻላል። ከጆሯቸው በላይ፣ ከሽበታቸው ሥር፣ ትልቅ እብጠት አለ።

«ሲወድቁ ድንጋይ መቷቸው ይሆናል» አለ ሳጅኑ።

«የታለ ድንጋዩ?»

ሳጅኑ ዙሪያውን ቃኘ። መምህሩ የተኙት ለምለም ሣር ላይ ነበር።

ዱላውን አነሣች። ጥርስ አልነካውም። የታችኛው ጫፍ የመንገድ ጭቃ ይዟል፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ግን፣ በአንድ ጎኑ ብቻ፣ አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ነገር ተለጥፎበታል። አሸተተችው። ከዚያ በፕላስቲክ ጠቅልላ ለሳጅኑ ሰጠችው።

ረሺድ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ጎረቤላ ላይ ቅመም ይነግዳል። ሱቁን ሳይከፍት ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ትናንት ገበያ መሀል መምህሩ ላይ ጮኸሃል አሉ።»

«ጮኼያለሁ። ወላሂ አልዋሽሽም። ‹ጎረቤቴ ነው፤ ፊት ለፊት ሳልነግረው ፍርድ ቤት አልቆምበትም፤ ዛሬ አመሻሽ ሄጄ አነጋግረዋለሁ› ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ‹እንግዲያው እርስዎም የነሱ ወገን ነዎት› አልኳቸው።» ፊቱን ወደ ተዘጋው ሱቁ አዞረ። «ልጄ ዛሬም ውሻ ሲጮህ አልጋ ሥር ትገባለች። ያሉን ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸውን ገድዬ ምን ላገኝ?»

«እንደሚሄዱ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?»

«ከኔ ሌላ ማንም። ይኼው፣ አንቺም ዓይንሽ እኔ ላይ ቀረ።»

የወልደአረጋይ ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነብሮ መሀል ግቢው ላይ ተኝቶ ስታልፍ በዓይኑ ብቻ ተከተላት። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለ ሰንሰለት ዝጎ፣ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ወልደአረጋይ፣ ገና ሳትጠይቀው ደረቱን እየደቃ። «ቸልተኛ ነኝ። እሰር ስባል አላሰርኩም። የሕጉን እቀበላለሁ።»

ሰው ጥፋቱን እንዲህ ተሽቀዳድሞ ሲያምን ፀደንያ ደስ አይላትም።

«መምህሩ ትናንት እዚህ መጥተው ነበር?»

«ከተቀያየምን ወዲህ ደጄን ረግጠው አያውቁም።»

ሚስቱ ፍቅርተማርያም የቤቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«የደጁ ግድግዳ ያምራል» አለቻት ፀደንያ።

«ለዝክሩ ብዬ ነው፣ እህቴ። ትናንት ከሰዓት እበቱን ከአመድ ጋር አዋሕጄ ለቀለቅሁት። በዚህ ጉም መች ይደርቃል? ለቅልቄ እንደጨረስኩ እናቴ ዘንድ ሄጄ እዚያው አደርኩ።»

ወልደአረጋይ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

በዚህ መሀል ሰዉ ድንጋይና ፍልጥ ይዞ ነብሮን ሊገድል ግቢውን ሞላው። ረሺድና ዱላውን የያዘው ሳጅንም ከኋላ መጡ። ፀደንያ ከነብሮ ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች።

«ቆዩ። ውሻው መምህሩን አልገደለም። የነከሰው ሬሳ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ጋቢው በደም ይጨማለቅ ነበር።»

«ታዲያ ማን ገደላቸው?» አለ አንዱ።

«ዱላቸውን እዩት። ውሻ የመጣበት ሰው በዱላው ይመክታል፤ ውሻውም ዱላውን ይነክሳል። ይህ ግን ጭረት የለበትም። ስለዚህ ሲሞቱ ዱላው እጃቸው ላይ አልነበረም። እናንተስ ዱላችሁን መች ትተዋላችሁ?»

«ሰው ቤት ስንገባ ነዋ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ዱላ ይዞ የሚገባ ለጠብ የመጣ ነው። ከደጅ እናስደግፋለን።»

ፀደንያ ዱላውን ከሳጅኑ ተቀብላ፣ ፕላስቲኩን ገልጣ ወደ ቤቱ መግቢያ ሄደች። ከበሩ በስተቀኝ፣ ደረት ከፍታ ላይ፣ እርጥቡ ልቅላቂ በቀጭኑ ሰርጎድ ብሏል። ዱላውን አስደገፈችው። ልክክ አለ።

ሰዉ ለማየት ተጠጋ።

«ግድግዳው የተለቀለቀው ትናንት ከሰዓት ነው፤ ዱላው የተደገፈው ከዚያ በኋላ» አለች ወደ ወልደአረጋይ ዞራ። «ሊያነጋግሩህ መጡ፤ ዱላቸውን እንደ ወጉ ውጭ ትተው ገቡ። ምስክርነቴን አልተውም ሲሉህ መታሃቸው። ሬሳውን መንገድ ዳር ጥለህ ነብሮን ለቀቅህበት። ከዚያ ዱላው ትዝ አለህ። መምህሩ ያለ ዱላ ወጡ ቢባል ማን ያምናል? ተመልሰህ ወሰድህላቸው፤ ላይኛው ጫፍ ምን ይዞ እንደሄደ ግን በጨለማ አልታየህም። ቸልተኛ መሆንህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። እሱ ይሸፍነኛል ብለህ ነው።»

«ለምኜያቸው ነበር» አለ ወልደአረጋይ በቀስታ። «እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኜያቸው ነበር።»

ሳጅኑ ካቴናውን አውጥቶ እጁን አሰረው። ረሺድ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«እሱስ ተያዘ፤ አልሐምዱሊላህ። የራኒያ ነገርስ? ያየላት ሰው አፈር ሊገባ ነው።»

ፍቅርተማርያም ከግቢው በር ጀርባ ሄዳ ሰንሰለቱን ከምስማሩ አወረደች። ሰዉ ገለል አለላት። ነብሮ አጉረመረመ፤ እሷ ግን አንገቱን ይዛ መንጠቆውን ቀጭ አድርጋ ቆለፈች።

«‹ያዛት› ሲለው በመስኮት አይቻለሁ» አለች ባሏን ሳታየው። «ባሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ወደ ረሺድ ዞረች።

«ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምንቀርበው?»